ስብሰባ የማይቀረው ፈረስ

ፈረስ አልወድም። ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ። ልጅ ሳለሁ አንዱ ትከሻዬን ነክሶኛል፤ ከዚያ ወዲህ ፈረስ ባለበት በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንብኝ እንኳ በማዶ ዞሬ ነው የማልፈው። ናዝሬት ደግሞ ለእንደኔ ዓይነት ሰው የምትመች ከተማ አልነበረችም። በዚያን ዘመን ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ባቡር ጣቢያ ሰው የሚመላለሰው በጋሪ ነበር። እኔ ብቻ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ በእግሬ እኳትን ነበር። እንግዲህ በደርግ ዘመን ለአንድ ያረጀ ፈረስ መብት የተሟገተችው፣ ፍርዱንም በገዛ እጇ የጻፈችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

ዳኛ የሆንኩት ስብሰባ ስለቀረሁ ነው። ነዋሪዎች የቀበሌያችንን የፍርድ ሸንጎ አባላት በሚመርጡበት እሑድ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ተሽሎኝ ክፍል በገባሁ ቀን የስም ጥሪ ሳልጨርስ አንድ ባልደረባዬ ብቅ አለና "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዳኛ ሆነሻል" አለኝ። ነገሩ የታወቀ ነበር። የመጣ ሰው አፍ ስላለው "እኔን ይቅርታ፣ ኩላሊቴን ያመኛል" ብሎ ያመልጣል፤ የቀረ ሰው ግን በምን አፉ ይከራከራል? ስለዚህ የሚመረጠው የቀረው ነው። ከሦስታችን ዳኞች ሁለታችን እንዲህ የተመረጥን ነን። ሁለተኛው ቀሪ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ የአርሲ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲያስብ መርፌ በከንፈሩ የሚይዝ። እሱም በዚያን ቀን አሰላ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ዳኝነት ጠበቀው።

በፈቃዳቸው የተመረጡት ሰብሳቢያችን ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ደንብ ሲነበብ ዓይናቸው እንባ የሚያቀር ሰው። ሁለት ጎረቤታሞች በዶሮ ተጣልተው ሲመጡ እንኳ "በየትኛው አንቀጽ?" ሳይሉ ወንበራቸው ላይ አይቀመጡም።

ከሦስታችንም በላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ብዕሩ በእኔ እጅ ስለሆነ አንተ ብለው የሚከሰኝ የለም። ከመመረጡ በፊት ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። በወፍጮ ጩኸት መሀል ለመሰማት ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ በድምፅ ማጉያ ሲታገዝ ምን እንደሚሆን አስቡት። ንግግሩ መልካሳ ድረስ ይሰማል እያልን እናማው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። የታዘዘውን ከታዘዘው በላይ አድርጎ የሚፈጽም፣ አንድ ጊዜ የተነገረውን ሦስት ጊዜ የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ልጁ ኩየራ አክስቱ ቤት ሆኖ ይማራል ይባላል። ናዝሬት ትምህርት ቤት ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ ነበርና ሰው ከመጠየቁ በፊት ሻዩን ያስብ ነበር።

ስብሰባም የምንሄደው ለዚያው ለስኳር ነው። የቀረ ሰው የወሩን ስኳር ያጣል። ስብሰባ ሲጠራ ድምፅ ማጉያው በጋሪ ተጭኖ በየመንደሩ ይዞራል። ጋሪው ከሁሩታ መጥተው ናዝሬት የከረሙ የአንድ ሽማግሌ ነበር። ሚስታቸው ሞታለች፤ የቀሯቸው አንድ ወንድ ልጅና አንድ ፈረስ ናቸው። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው። ቀበሌውን የሚያገለግሉት በነጻ ነበር፤ ነጻ ማለት ያኔ እምቢ የማይባል ማለት ነው። ለፈረሱ ግን ደመወዝ ነበረው። ዙሩ ሲያልቅ ቀበሌው በር ላይ አንድ ጣሳ ፉሩሽካ ይሰጠዋል። ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲሆን ፈረሱ የማጉያውን ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ ቀበሌው መገስገስ ለመደ።

አንድ እሑድ ሊቀ መንበሩ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መምጣቱን ነገረን። ሰሜን ጦርነት ነበር፤ ከእኛ ቀበሌ የሚሄዱት ወጣቶች ስም በሚቀጥለው እሑድ ይነበባል ተባለ። ሕዝቡ ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ ሊቀ መንበሩን ያስፈራዋል፤ ወፍጮው የቆመበት ይመስለዋል። ድምፁን ከፍ አደረገና "ይህ ክብር ነው!" አለ። "ሌባ፣ ዱርዬና የፍርድ ቅጣት ያለበት ሰው አይበቃውም! ንጹሕ ወጣት ብቻ!" እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ደገመው። ንጹሕ ማለት ዘመድ የሌለው ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። የባለጋሪው ልጅ ደግሞ በዚህ በኩል ከቀበሌው አንደኛ ንጹሕ ነበር። ሽማግሌው ከስብሰባው ሲወጡ እግራቸው መሬቱን እየፈተሸ ነበር የሚሄደው። ልጃቸው ሊሄድባቸው መሆኑን ማንም ባይነግራቸውም አውቀውታል።

የናዝሬት ባለጋሪዎች አንድ ወግ አላቸው። ፈረስ አይገድሉም፤ ኃጢአት ነው፣ ነውርም ነው። ፈረሱ ሲያረጅ አንድ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እስኪጠግብ ገብስ ያበሉታል፣ ከከተማ ወጣ አድርገው ልጓሙን ይፈቱለታል፣ ጀርባውን ቸብ አድርገው ይመለሳሉ። ዞሮ ማየት አይፈቀድም። የቀረው የጅብ ፋንታ ነው። ሲጠየቁ "ለቀቅኩት" ይላሉ። ባለጋሪው አልገደለም፣ ጅብም እንደ ተፈጥሮው ነው፤ ፈረሱ ብቻ ነው በመሀል የሚያልቀው። ሽማግሌውም በዚያ ሳምንት ልጃቸው ከሄደ ጋሪውን የሚነዳ እንደማይኖር አስበው፣ ፈረሱን አብልተው ቅዳሜ ማታ በልጃቸው እጅ በመልካሳ መንገድ ሸኙት።

እሑድ ጠዋት ስሙ ሊነበብ ሕዝቡ ቀበሌው ግቢ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ሊቀ መንበሩ ድምፅ ማጉያውን በረዥም እንጨት ላይ አሰቅሎ ከወትሮው አብልጦ ይጮሃል። የተበሳጨው ሰው በሰዓቱ ባለመምጣቱ ነበር። "በዚህ ቀበሌ" አለ፣ "ሳይጎተት፣ ስኳር ሳያይ፣ በራሱ ንቃት ስብሰባ የሚመጣ አንድ ነፍስ የለም! አንድ!" ይህን ሲል ፈረሱ በበሩ ገባ። ልጓም የለው፣ ጌታ የለው፤ ታፋው ላይ ጅብ ሞክሮት የሄደበት ቁስል ይታያል። ሕዝቡን ሰንጥቆ አለፈና ሊቀ መንበሩ ፊት ቆመ። ጆሮውን ወደ ማጉያው ቀስሮ ፉሩሽካውን ጠበቀ።

ሕዝቡ ፈነዳ። የስንት ጊዜ ሳቅ ተጠራቅሞ እንደነበር እንጃ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ሊመጣባት ነው ብለው ይዘዋት ወጡ። እኔም ሳቅኩ። ፈረስ አልወድም አልኩ እንጂ ቀልድ አልጠላም። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ስሙን ሳያነብ ስብሰባውን በተነና አባትና ልጅ ሸንጎ ይቅረቡልኝ አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሰየምን። ክሱ ሁለት ነበር። አንደኛው ለአብዮቱ ያገለገለን የሥራ እንስሳ ለጅብ መጣል፤ ሁለተኛው በፈረስ አማካይነት በስብሰባ ላይ ማላገጥ። ሁለተኛው ያስፈራል፤ በእንዲህ ዓይነት ነገር ተጠርተው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሊቀ መንበሩ የሚፈልገውንም በጆሯችን ነግሮናል። አባትየው ይታሰሩ፣ ልጁ እሑድ ስሙ ተነብቦ ይሂድ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

"አባባ፣ ፈረሱን ለምን ጣሉት?" አልኳቸው።

"አልጣልኩም መምህርት። ለቀቅኩት እንጂ።"

"ለጅብ?"

"ለጅብማ አልሰጠሁም። አበላሁት፣ ልጄ ልጓሙን ፈታለት። ከዚያ ወዲያ በዋቃ እጅ ነው።"

"ከዚያ ይልቅ ባንዴ ቢገላገል አይሻልም ነበር?" አሉ ሰብሳቢያችን።

ሽማግሌው ሰው ይታረድ የተባሉ ያህል ደነገጡ። "ያገለገለኝን ልግደል? በስተርጅና? ኧረ ኢጆሌ፣ ኧረ ልጆች፣ እንዲህ አይባልም!" ከዚያ ድምፃቸው ሰለለ። "ልጄ ሊሄድብኝ ነው። ጋሪውን ማን ይነዳል? ጉልበት የከዳን ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔና ፈረሱ፣ አንድ ቤት ተፋጠን ምን ልንበላ ነው ብዬ ነው።"

ልጁ ከጎናቸው አቀርቅሮ ቆሟል። ዓይኑን ከአባቱ ጫማ ላይ አላነሳም።

ለምክር የምንገባው የቀበሌው ሱቅ ዕቃ ቤት ነበር። የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን ልጁን የማዳን ሥልጣን እንደሌለን አስረዱን፤ ሸንጎው በአጥርና በዶሮ፣ በስድብና በዱላ ላይ እንጂ በጦርነት ላይ አይፈርድም። ትክክል ነበሩ። የሕግ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ለዶሮ ሦስት ዳኛ ያስቀምጣል፣ ለልጅ አንድም የለም። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና በዝግታ "የፍርድ ቅጣት ያለበት አይሄድም አላለም እንዴ?" አለ።



"ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ የት አለ?" አሉ ሰብሳቢያችን።

"የሚከለክልስ አለ ወይ ጓድ ሰብሳቢ?"

 የሰብሳቢያችን ፊት በራ። "ባቡር ላይ ሳለን" አሉ፣ "እንስሳ ያለ ጠባቂ አይጫንም ነበር። ጠባቂውም እንስሳው እስካልወረደ አይወርድም። ደንብ ነው።" ደንብ ካገኙ ወዲያ የሚያቆማቸው አልነበረም።

የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዘመኑ ቋንቋ። ፈረሱን "ላብ አደር" አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሲበዘበዝ የኖረ፣ የአብዮቱን ድምፅ በጀርባው ተሸክሞ ለጭቁኑ ሕዝብ ያዳረሰ ላብ አደር። ስብሰባ መምጣቱም ማላገጥ እንዳልሆነ አብራራሁ፤ ማንም ሳያስገድደው፣ ከጅብ መንጋጋ አምልጦ የሚመጣ ተሰብሳቢ ቢኖር ምሳሌ ይሆናል እንጂ እንዴት ያላግጣል? ስለዚህ ሁለተኛው ክስ ቀረ። በአንደኛው ግን ጨከንን። ፈረሱ ተጦሮ፣ ሥራ ሳይሠራ፣ በቀበሌው ቀለብ እንዲኖር፤ ልጓሙን የፈታው ልጅ ለጥፋቱ ቅጣት ፈረሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ያለ ክፍያ እንዲንከባከበው፣ ከከተማዋም ንቅንቅ እንዳይል ፈረድን።

ፍርዱ ሲነበብ ሊቀ መንበሩ ከመቀመጫው ተነሳ። "በሕይወት እስካለ ድረስ!" አለ። "ይህ ነው አብዮታዊ ፍርድ! በሕይወት እስካለ!" አጨበጨበ፤ ሰውም አብሮት አጨበጨበ። በዚያው ሳምንት ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገው። ለእንስሳ እንኳ የሚቆረቆር ቀበሌ ተብሎ ተመሰገነ፤ ሌሎች ቀበሌዎች መጥተው ልምድ ይቅሰሙ ተባለ።

ነገሩ የገባው እሑድ ስሙን ሲያነብ ነው። የባለጋሪው ልጅ ስም ጋ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሰው "ፍርደኛ ነው!" አለ። ሌላው "ንጹሕ አይደለም!" አለ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ቃሉ የራሱ ነው፤ ሦስት ጊዜ የተናገረው፤ ፍርዱም በበላይ አካል የተመሰገነ ነው። እኛን ሦስታችንን አንድ በአንድ አየን። እኔ የኒሙን ዛፍ ነበር የማየው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብናገር ያላየ አያምነኝም። በሚቀጥለው ረቡዕ የሸንጎው ግቢ በእናቶች ሞላ። ሁሉም የመጡት የወለዱትን ሊከሱ ነው። አንዷ "ልጄ የጠላ ጋኔን ሰብሮብኛልና ቅጡልኝ" ትላለች። አንዷ በልጇ ላይ የማይደፈር ስድብ ጫነችበትና ልጁ በሐፍረት ሲያለቅስ "ዝም በል፣ ተሳድበሃል!" ብላ ቆነጠጠችው። መስጊድ አጠገብ የሚኖሩ፣ በጨዋነቱ የምንመሰክርለት ልጅ ያላቸው ሰውዬ ደግሞ ልጃቸው ስኳር ሰረቀ አሉ፤ ስንቱ ያልጎደለ የወር ስኳሩን ታቅፎ ተሰረቅኩ ብሎ ሊመሰክር ተሰልፏል። ሊቀ መንበሩ ሲሰማ በድምፅ ማጉያ አዲስ መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ ማንም ፍርደኛ በውትድርና ጥፋቱን ይክሳል። የፈረሱ ፍርድ ብቻ የተመሰገነ ስለሆነ አይነካም።

ኮታው ግን አንድ ጎድሏል። ኮታ ቁጥር ነው፤ ማን ይሁን አይልም፣ ስንት ይሁን ነው የሚለው። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መናኸሪያ ወረዱና ሽንኩርት ይዞ ከአርሲ የመጣ፣ ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ የሚጠብቅ ልጅ ይዘው መጡ። እንግዳ ነው፤ ማን ይጮህለታል?

በሽኝቱ ዕለት ለልጆቹ በሬ ታረደ። እስኪጠግቡ በሉ፤ ከበሮ ተመታ። ወደ መኪናው ሲወጡ ሊቀ መንበሩ የእያንዳንዳቸውን ጀርባ ቸብ አደረገ። መኪናው ሲነሳ የቀበሌው ኮሚቴ በሙሉ ፊቱን አዙሮ ወደ ግቢው ገባ፤ ዞሮ ያየ አልነበረም። ያ የሽንኩርት ልጅ ከረጢቱን ለልብስ ሰፊው አውርዶለት "ስመለስ እወስደዋለሁ" ብሎታል። ሽማግሌው ልጃቸውን ክንዱን ጨብጠው አጠገቤ ቆመው ነበር። "እኛስ ለፈረስ ልጓሙን እንፈታለታለን" አሉ፤ ለማን እንደተናገሩት እንጃ።

ተናደድኩ። ፊቴ እስኪግል ተናደድኩ። በሊቀ መንበሩ ብቻ አይደለም፤ በበሬውም በከበሮውም፣ ብልጠታችን ደስ ያሰኘን በእኛም ጭምር። ሰብሳቢያችን ያን ቀን ስለ ደንብ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሽንኩርቱ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጥግ ተቀምጦ አቆጠቆጠ፤ አልጣለውም፣ ግቢው ውስጥ ተከለው።

እንግዲህ የአንድ ልጅ ነፍስ በአንድ ፈረስ ነፍስ ላይ ተንጠለጠለ። ለጅብ የሸኙት ሽማግሌ አሁን በየጠዋቱ ጥርሱን ይቆጥሩለት ጀመር። ሲያስል ሰፈሩ አብሮ ያስላል። ሴቶች የቡና ቁርስ ቆሎ እያማራቸው ለእርሱ ያስተርፉ ነበር። ልብስ ሰፊው ብርድ እንዳያገኘው ከአሮጌ የመፈክር ጨርቅ የሚለበስ ነገር ሰፋለት፤ ቀይ ነው፣ በጎድኑ በኩል "ወደፊት" የሚል ጽሑፍ ይነበብበታል። ፈረሱ ግን ከቀበሌው በር ወዲያ አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ አይችልም ነበር። ልምድ ሊቀስሙ የመጡት የሌላ ቀበሌ ሰዎች ጨርቁን አይተው ማስታወሻ ያዙ። እኔም በማዶ ቆሜ "ዛሬ በላ?" ብዬ ሳልጠይቅ ወደ ትምህርት ቤት አልሄድም ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ካሮት ሰጠሁት። ልነክስሽ እችል ነበር በሚል ዓይን አየኝና ካሮቱን ብቻ ወሰደ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሞተ። ልጁ በማለዳ በሬን አንኳክቶ "መምህርት፣ ተነሺ፣ አልቆልኛል" አለኝ፤ ማን እንዳለቀለት ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሄጄ ሳይ ሽማግሌው የፈረሱን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ልብስ ሰፊው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለጋሪዎችም መጥተዋል፤ እነሱ ግን አልተደናገጡም። "የሚለቀቅ ፈረስ መቼ ጠፍቶ!" አለ አንዱ። ሰው ለሥራ ሳይወጣ ከገበያው ጀርባ አንድ ያረጀ ዳማ እየጎተቱ አመጡ፤ እሱም በዚያው ሳምንት ለጅብ የታጨ ነበር። ሁለመናው ይመስላል፤ ቦቃ ብቻ የለውም። ለፋሲካ ግድግዳ ከተቀባው የተረፈ ኖራ ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ከብቦ እያየ ግንባሩን ቀባነው። ቀይ ጨርቁን አለበስነው። ሟቹ ፈረስ ከሽማግሌው ቤት ጓሮ ተቀበረ። በናዝሬት ለጅብ ሳይሰጥ መሬት የቀመሰ ፈረስ ከእርሱ በፊት መኖሩን አልሰማሁም።

አዲሱ ፈረስ ስለ ስብሰባ ምንም ንቃት አልነበረውም። ልጁ ፉሩሽካ በኪሱ ይዞ ድምፅ ማጉያው በተሰማ ቁጥር ከፊት ከፊቱ እየሄደ አለማመደው። ሁለት ስብሰባ በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ሊቀ መንበሩ በቆርቆሮው በረንዳ ሥር ቆሞ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር ሰማዩ ተቀደደ። እኛ ሜዳ ላይ ነን። ፈረሱም ፊት ለፊቱ ቆሟል። ኖራው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ በአፍንጫው ላይ፣ በከንፈሩ ላይ፣ በደረቱ ላይ ወረደ። ሊቀ መንበሩ ንግግሩን አቋረጠ። ድምፅ ማጉያው ብቻ ይጮሃል። ልጁ ፈረሱ አጠገብ ቆሞ ደርቋል፤ አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ በሆዴ በቃ፣ ዛሬ አራታችንንም ጭነው ይወስዱናል አልኩ፤ ዳኞችንና ልጁን ማለቴ ነው።

"ምን ታያላችሁ?" ብሎ ጮኸ ሊቀ መንበሩ። "ላብ አደሩ በዝናብ ይመታል? አስገቡት እንጂ!"

ልጁ ፈረሱን እየጎተተ ከበረንዳው ሥር ወሰደው። ሊቀ መንበሩ ጀርባውን ለፈረሱ ሰጥቶ ስለ ምርት ዘመቻው ቀጠለ። ሰብሳቢያችን በኋላ "ዓይኑ ደክሟል፣ መነጽር ያስፈልገዋል" አሉ። እኛም እንዲያ ነው ብለን አምነን ተነፈስን።

ክረምቱ ወጣ። አንድ እሑድ ድምፅ ማጉያው ሳይጮህ ቀረ፤ የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ናዝሬት ያለዚያ ድምፅ ሌላ ከተማ ትመስል ነበር፤ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ምክንያቱን ያመጣው ልብስ ሰፊው ነው። የሊቀ መንበሩ ልጅ ለበዓል ከኩየራ ሲመጣ አውቶቡሱ ለሻይ በቆመባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ወርዶ ነበር። እዚያም ያለ ቀበሌ ኮታው ጎድሎታል። ልጁ እንግዳ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ቢናገርም ማን ያምነዋል? አባቱ ከራሱ ኮታ ደብቆ ቢያስቀምጠው የሌላው ኮታ አገኘው።

ከዚህ በኋላ ሊቀ መንበሩን አንቱ ልላቸው ነው፤ አንተ ልበል ብል አንጀቴ እምቢ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከሸንጎው በር በዶሮ ከተጣሉ ሁለት ሴቶች ኋላ ተሰልፈው አየኋቸው። ሴቶቹ ደንግጠው ቅደሙ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ ተራቸውን ጠበቁ። ሲደርሳቸው ቆባቸውን አውልቀው እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቆሙ።

"ልጄን ልከስ ነው የመጣሁት" አሉ።  "ሰርቆኛል።"

"ምን ሰረቀ?" አልኳቸው። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው።

"ሰዓት። ገንዘብ። የፈለግሽውን ጻፊ ጓዲት። ብቻ ፍረዱበት። ዕድሜ ልኩን ፈረስ ይጠብቅ በሉ።"

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።  ሰብሳቢያችን የሚያውቁትን አንድ ነገር ያዙ።

"ጓድ" አሉ፣ "በደንቡ መሠረት... ተከሳሹ መቅረብ አለበት። ተከሳሹ የት ነው ያለው?"

 ሰውዬው ቆባቸውን አጥልቀው በቀስታ ወጡ።

ፈረሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የባለጋሪው ልጅ ገለባ ይሰጠዋል። ልጁ ሊቀ መንበሩን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ። እሳቸው ግን ወደ ፈረሱ ጠጋ ብለው ግንባሩን በመዳፋቸው አበሱት፤ መዳፋቸው ነጭ ሆነ። ለአፍታ እጃቸውን አዩት።

"ቀለሙ ለቋል" አሉት ልጁን። "ኖራው ቀጠነባችሁ። እሑድ ሳይደርስ ወፈር አድርጋችሁ ቅቡት።"